ሰማንያ ሰው ለአንዲት ጠብታ

የምንሠራበት ልብስ ማጠቢያ ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ሥር፣ መስኮት በሌለው ምድር ቤት ውስጥ ነው። እኔ ተኳሽ ነኝ፤ መሣሪያዬ ካውያ ስለሆነ ግን የሚፈራኝ የለም። ከእኔ ጠረጴዛ ራቅ ብላ ቆሻሻውን ልብስ የምትለይ ሴት አለች። ጓንት ነው የምንላት። ያንን ወፍራም ቢጫ የላስቲክ ጓንት ከእጇ የምታወልቀው ምሳ ስትበላ ብቻ ስለሆነ ነው ስሙ የወጣላት። "ጓንት፣ እንዴት አደርሽ" ስንላት ትስቃለች እንጂ አትቆጣም። የምነግራችሁ እሷ ለልጇ የመጀመሪያ ልደት ያሰበችውንና የሆነውን ነው። ከፊሉን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የቀረውን እሷው ነግራኛለች።

ሰኞ ሰኞ ከድግስ አዳራሾች የሚመጣው ከረጢት ጣራ ሊነካ ምንም አይቀረው። የጠረጴዛውን ልብስ፣ የወንበሩን ልብስ አንድ በአንድ ፈትቶ፣ አራግፎ፣ ነጩን ከነጩ፣ ቅባት የነካውን ለብቻው ማድረግ የጓንት ሥራ ነው። እኔ ጋ የሚደርሰው ታጥቦ፣ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ ነው። እሷ ጋ የሚመጣው ግን ሰው ከላዩ እንደተነሳ ነው። የታኘከ ሥጋ በወረቀት ተጠቅልሎ። አፍንጫ የተናፈጠበት የጠረጴዛ ልብስ ጫፍ። ኬክ ላይ ተተርኩሶ የጠፋ ሲጋራ። አንድ ቀን ክሬም ውስጥ የተለጠፈ ሰው ሠራሽ ጥፍር አግኝታ፣ "ይቺ ሴትዮ ቤቷ ስትገባ ጣቷን አልቆጠረችም?" ብላ ቀኑን ሙሉ ስትገረም ዋለች።

ከሁሉ የሚቀፋት ግን የሕፃናት ልደት ነበር። የአንድ ዓመት ልደት ከሆነ ከረጢቱ ሳይፈታ ከሽታው ታውቀዋለች፤ የኮመጠጠ ወተትና ስኳር አንድ ላይ ነው የሚሸተው። ሦስት ጊዜ ታጥቦ የማይለቅ ሰማያዊ ክሬም አለው። ምራቅ ያራሰው ብስኩት፣ የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ፣ ትፋት። እንደ ስጦታ በጠረጴዛ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ጫፍና ጫፉ የታሰረ ዳይፐር ያወጣችበት ቀንም ነበር። እሱን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣ "መልካም ልደት" አለችና ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ወረወረችው። ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም። ምሳዋንም ሳትበላ ዋለች።

ጓንት ልጅ ያገኘችው ብዙ ዓመት ከጠበቀች በኋላ ነው። ልጅቷም ብትሆን ቀኗን አልጠበቀችም፤ ሁለት ወር ቀድማ መጣች። በመዳፍ የምትያዝ ስለነበረች አባቷ "ይቺማ ጠብታ ናት" አለ፤ በዚያው ጠብታ ሆና ቀረች። በተወለደች በስድስት ወሯ ውስጥ ሳንባዋን ሁለት ጊዜ ታማ ሆስፒታል ተኝታለች። ጓንትም በመስታወት ሣጥን ውስጥ በቱቦ የምትተነፍስ ልጇን ቁጭ ብላ ስታይ ከርማለች። ጎረቤቷ የሆነችው ነርስ ከሆስፒታል ሲወጡ አንድ ነገር አጥብቃ ነገረቻት፤ "ሰው ይያት፣ ይጫወታት፤ አፉን ግን ከአፏ ያርቅ።"

ይህንን ቃል ለሁሉም መንገር ይቻላል፤ ለባሏ እህት ግን አይቻልም። ባሏ ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ዝምተኛ፣ "እሺ" ማለት የሚወድ። እናቱ በልጅነቱ ስለሞተች ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። የውበት ሳሎን አላት። ቤተሰቡ በሙሉ "ፕሮግራም" ይላታል፤ ሰርግ ሆነ፣ ምርቃት ሆነ፣ ሰው ቤት ቀየረ ተባለ፣ ማንም ሳይጠራት መጥታ ፕሮግራም የምታወጣው እሷ ናት። ለጋስ ናት፣ እውነቱን ልናገር። ድምፅዋ ግን ከሦስተኛ ፎቅ ይሰማል። ልጅ አልወለደችም።

አንድ ቀን ጓንት የጠብታን ጡጦ ለፕሮግራም ስታቀብል ከእጇ አምልጦ ወለል ላይ ወደቀ። ፕሮግራም አነሳችው፤ ጫፉን አፏ ውስጥ ከትታ ጥርግ አድርጋ ጠባችውና መልሳ ልጅቷ አፍ ላይ ልትሰካው ስትል ጓንት እጇን ያዘቻት።

"እትዬ፣ ተይ! ልጠበው።"

"አጠብኩት እኮ።"

"በምን?"

"በምራቄ ነዋ! የኔ ምራቅ መርዝ ነው እንዴ? ባልሽን ያሳደግኩት በዚህ ነው።"

ጓንት ጡጦውን ወስዳ ወጥ ቤት ገባች፤ በፈላ ውሃ ቀቀለችው፤ ከዚያ ደግማ ቀቀለችው። የከንፈር ቀለሙ ጫፉ ላይ ቀይ ሆኖ ቀርቶ ስታየው ሰቀጠጣትና ጣለችው። "ሴትዮዋን አልጠላትም" አለችኝ በማግሥቱ። "አፏን ነው የምጸየፈው። ሰው ሆኖ ሰውን እንደዚህ መጸየፍ ኃጢአት ይሆን?" እኔም ኃጢአት የማውቅ ሰው ስላልሆንኩ ሸሚዜን መተኮሴን ቀጠልኩ።

ልጅቷ አንድ ዓመት ሊሞላት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጓንት በምሳ ሰዓት አጠገቤ ቁጭ ብላ ያሰበችውን ነገረችኝ። የከረጢት መለያ ወረቀት ጀርባ ላይ በእርሳስ ጽፋዋለች። ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት፤ ልጅቷ ከሰባት ሰዓት በኋላ ስለምትተኛ ከዚያ በፊት ረጋ እንድትል። ስድስት ሰው፤ እሷና ባሏ፣ አማቷ፣ አክስቷ፣ ጎረቤቷ ነርስና እኔ። ክሬም የለም፤ ሙዝ ተፈጭቶ የሚጋገር ስኳር የሌለው ኬክ ራሷ ትሠራለች። ፊኛ የለም፤ ሲፈነዳ ያስደነግጣታል፣ ቁራጩንም ትውጠዋለች። ፍራሽ መሬት ላይ ይነጠፋል፣ ሰውም መሬት ይቀመጣል፤ ልጅቷ የፈለገችው ጋ እየዳኸች ትሄዳለች፤ ማንም ተቀብሎ አያሸጋግራትም። አምስት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ወደ ቤቱ።

"ይሄ ልደት ነው የሐኪም ትዕዛዝ?" አልኳት።

"ሳቂ። እኔ የልደትን ጓዳ አውቀዋለሁ። ልጁ እያለቀሰ ትልልቁ ሰው ይበላል። የኔ ልጅ የምትስቅበት አንድ ሰዓት ተኩል ነው የምፈልገው፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ለባሏ ነገረችው። እሺ አለ። ለባሏ እህት ደግሞ በስልክ ነገረቻት።

"ስድስት ሰው!" አለች ፕሮግራም። ጩኸቷ ከስልኩ አልፎ እኔ ጋ ደረሰ። "አንቺ ልጅ፣ ስድስት ሰው እኮ የባልሽን ሊፍት እንኳን አይሞላም! የመጀመሪያ ልጅ፣ የመጀመሪያ ልደት፣ ከሞት የተረፈች ልጅ! ሰው ምን ይለኛል?"

"እትዬ፣ ልደቱ የልጅቷ ነው፤ ሰው የፈለገውን ይበል።"

ከዚያ በኋላ ፕሮግራም ዝም አለች። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት አልደወለችም። ጓንት ገባት ብላ ደስ አላት። እኔ ግን፣ ያቺን ሴትዮ ሁለት ጊዜ አይቻት ስለማውቅ፣ ዝምታዋ አላማረኝም።

የልደቱ ሳምንት ሐሙስ፣ ከአዳራሾቹ አንዱ የላከው አስቸኳይ ትዕዛዝ ወረደ። የአዳራሾቹ ልብስ ከታጠበ በኋላ እኛው ጋ ስለሚቀመጥ፣ ትዕዛዝ ሲመጣ ወረቀቱን ተቀብሎ ልብሱን ከመደርደሪያ መቁጠርም የጓንት ሥራ ነው። ጮክ ብላ ማንበብ ልማዷ ነው። "ሮዝ የጠረጴዛ ልብስ አሥራ ስድስት። የወንበር ልብስ ሰማንያ፣ ከነሪባኑ። ለቅዳሜ ስምንት ሰዓት። የጠብታ አንደኛ ዓመት ልደት።"

ሳቅ አለች መጀመሪያ። "አየሽ፣ ሌላም ጠብታ አለች!" ከዚያ ከታች ያለውን የአዛዡን ስልክ ቁጥር አየችው። ሁለት ጊዜ አየችው። ፊቷ እንደታጠበ ጨርቅ ነጣ። ጓንቱን ከአንድ እጇ ላይ ስባ አወለቀችና፣ ምሳ ሳይደርስ፣ እኔ ፊት ለባሏ ደወለች።

"ቅዳሜ ስምንት ሰዓት የት ነን?"

ሰውዬው ሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም፤ ድምፁ እያስተጋባ ይመጣል። "ቤት ነና... ለምን?"

"ሰማንያ ወንበር እያለበስኩ ስለሆነ ነው።"

"ሰርፕራይዝ ነበር" አለ።

"ለማን?"

"ለአንቺ... ጠዋት ያንቺን እናደርግና ከሰዓት እንንሸራሸር ብዬ ላመጣችሁ ነበር። እትዬ ስንት ደክማበታለች! ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ አዛለች፤ የአይጥ ልብስ ለብሶ የሚጨፍር ሰውም አለ። ደግሞ ፎቶው ያምራል፤ የልጅቷን ፊት ኬኩ ውስጥ ነከር አድርገው የሚያነሱት..."

"ፊቷን ነከር አድርገው?"

"ሁሉም ሰው ያደርገዋል እኮ አሁን።"

"በሳንባዋ ሁለት ጊዜ የተኛች ልጅ፣ አፍንጫዋን ክሬም ውስጥ? በእንቅልፏ ሰዓት? ሰማንያ ሰው እየተቀባበለ እየሳማት?" ድምፅዋ ከፍ አላለም። ብትጮህ ይሻል ነበር። "ቀፈፈኝ" አለች።

"እትዬ እኮ ክፋት የላትም..."

"እሷ አይደለችም የቀፈፈችኝ። አንተ ነህ።"

ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ጓንቷን መልሳ አጠለቀች፤ ሰማንያውን የወንበር ልብስ ቆጠረች፤ አንድም አላጎደለችም። እኔም ተኮስኩት። ምን ላድርግ፣ ሥራዬ ነው። ካውያውን ሳሳርፍበት ግን እጄን የሆነ ነገር እንደነካው ያህል አስጠላኝ።

አርብ ዕለት ለፕሮግራም ራሷ ደወለችላት። "እትዬ፣ ለደከምሽው አመሰግናለሁ፤ ልጄን ግን አላመጣትም" አለቻት፤ አጭር፣ ግልጽ። ፕሮግራም ሳቀች አሉ። "ታመጫታለሽ። የገዛ ልጅሽ ልደት ላይ ቀርተሽ የት ልትሄጂ ነው?"

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጓንት ቤት ደረስኩ። አንድ ክፍልና ትንሽ ሳሎን ናት፤ ፍራሹ ተነጥፏል፣ በረኪና በረኪና ይሸታል። በር ላይ "ጫማ፣ እጅ" አለችኝ፤ ጫማዬን አወለቅኩ፣ እጄን ታጠብኩ። ሁሉም ነገር እንደ ወረቀቱ ሄደ ብል ውሸት ነው። የሙዝ ኬኩ ከሥሩ አሯል፤ መሐሉ ደግሞ አልበሰለም። አማቷ ሽማግሌው ፍራሹ ላይ ተቀምጠው መነሳት አቃታቸውና እኔና ነርሷ ጎትተን አስነሳናቸው። አክስቷ "ይሄ ኬክ ነው ጡብ?" ብላ ከጓንት ጋር ሊኮራረፉ ነበር። ጠብታ ግን ያመጣሁላትን የጨርቅ መጽሐፍ ትታ የተጠቀለለበትን ወረቀት ይዛ ሙሉ ጠዋት ስታንኮሻኩሽ፣ ስትስቅ፣ በአያቷ እግር ላይ ስትወጣና ስትወርድ አረፈደች። አንድ ጊዜም አላለቀሰችም። አባቷ ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ ሚስቱ እንዳታየው እየተጠነቀቀ ሰዓቱን ያያል።

አምስት ሰዓት ሲሆን አክስቷና ነርሷ ሄዱ። እኔ ዕቃ ላጥብ ብዬ ቀረሁ፤ ዕቃ ማለት ስድስት ሰሐን ነው። ልጅቷ ሰባት ሰዓት ላይ ተኛች። ያኔ ባልየው ተነሳ፤ ከሥራ ቦታችን ተተኩሶ የመጣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ በር ላይ ቆመ።

"ታዲያ... ልሂድ?"

"እግር አለህ።"

"ሰማንያ ሰው ተጠርቷል። እህቴን ብቻዋን ሰው ፊት..."

"እኔ አልጠራሁም። ልጄ ተኝታለች።"

ወደ አባቱ ዞረ። ሽማግሌው ሶፋው ላይ ጋደም ብለዋል። "አባባ፣ እርስዎስ አይሄዱም?"

"እኔ ልደቴን በልቻለሁ" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሄደ። ጓንት በሩን ከውስጥ ቆለፈችው፤ ስልኳን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ስልኩ እንጨቱ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ከስምንት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ቆየ፤ ከዚያ ተወው። ጠብታ ግን አልነቃችም።

አመሻሽ ላይ ባልየው ሲመለስ እዚያው ነበርኩ። ሸሚዙ ሮዝ ክሬም ጠጥቷል። ቁጭ በል ያለው የለም፤ ቆሞ ነገረን።

ሰዉ መጣ፤ ተቀመጠ፤ ምግብ ቀረበ፤ በላ። አይጡ ጨፈረ። "አንድ ሰዓት ሙሉ" አለ፣ "ልጅቷ የት ናት ያለ አንድም ሰው አልነበረም። አንድም! ስጦታውን ጠረጴዛ ላይ እያስቀመጡ ወደ ምግቡ ነው የሚሄዱት።" ሻማ የሚበራበት ሰዓት ሲደርስ ነው የታወቀው፤ ያውም ያወቀው ፎቶ አንሺው ነው። ሌላ ቀጠሮ አለብኝ፣ ሕፃኗን አምጡ ብሎ ጮኸ። ፕሮግራም ወዲያ ወዲህ አየች። በውበት ሳሎኗ ጸጉር የምትሠራላት ሠራተኛ ወንድ ልጇን ታቅፋ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ የዘጠኝ ወር ሕፃን፣ ጉንፋን የያዘው።

"እሱን አምጪው" አለቻት። "ሰው ሳይሄድብን።"

"ምን?" አለች ጓንት።

"ለጠብታ የተገዛውን ቀሚስ አለበሱት። ዘውዱንም። ወንበሩ ላይ አስቀመጡትና ሰዉ ሁሉ ተነስቶ 'መልካም ልደት ጠብታ' ብሎ ዘፈነ።"

አክስቷ እዚያ ብትኖር ትስቅ ነበር። እኔም ሳቄ ሊመጣ ነበር፤ ታሪኩ ባይቀጥል ኖሮ። ፕሮግራም ልጁን ከማጅራቱ ይዛ ፊቱን ኬኩ ውስጥ ነከረችው። ንፍጡና ክሬሙ ተደባለቀ። ልጁ ትንፋሽ አጠረውና ጮኸ። ሰማንያ ሰው ስልኩን ከፍ አድርጎ ሳቀ። ፎቶ አንሺው አልመጣልኝም አለ። ደገሙት። ልጁ ክሬም በአፍንጫው እየወጣ አስመለሰ፤ ቀሚሱ ላይ፣ ኬኩ ላይ። "ከዚህ ወገን ብሉት፣ እዚህ አልነካም" እያለች አንዲት ሴት ያንኑ ኬክ ስትቆርስ አይቷል። ደገሙት ሦስተኛ።

"አንተ የት ነበርክ?" አለች ጓንት።

"አጠገቡ። ቢላዋውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።"

"እና?"

"አነሳሁት። ፊቱን በሸሚዜ ጠረግኩለት።"

"ስንተኛው ላይ?"

ባልየው እግሩን አየ። "ሦስተኛው ላይ።"

"ሦስተኛው ላይ" አለች። ሸሚዙን እንዲያወልቅ በእጇ ጠቆመችው፤ ሲሰጣት አልተቀበለችውም፤ ወለሉ ላይ አስቀምጠው አለችው።

በማግሥቱ ፎቶው በቤተሰቡ የስልክ ቡድን ውስጥ ተለቀቀ። "ጠብታችን አንድ ዓመት ሞላት!" ይላል ጽሑፉ። ፊቱ በክሬም ስለተለበጠ ማን እንደሆነ አይለይም፤ ዓይኑና የተከፈተ አፉ ብቻ ነው የሚታየው። እንኳን አደረሳችሁ ይጎርፍ ጀመር። አንዷ "እንዴት አድጋለች! ቁርጥ እናቷን" ብላ ጻፈች። ሌላዋ "የደስታ እንባ ነው ይሄ" አለች። ጓንት ይህንን ሁሉ አንድ በአንድ አንብባ ከጨረሰች በኋላ ከስሩ ጻፈች፤ "ይህ ልጅ የእኔ አይደለም። ልጄ ቤቷ ተኝታ ነበር። የማን እንደሆነ የምታውቁ ፊቱን እጠቡለት።"

ከዚያ በኋላ በዚያ ቡድን ውስጥ ለአራት ቀን የጻፈ ሰው የለም።

ሰኞ ሮዙ ልብስ በከረጢት ተመልሶ መጣ። እኔ ልለይልሽ አልኳት፤ እምቢ አለች። ከአሥራ ስድስቱ በአንዱ ውስጥ ያቺ የጠብታ ቀሚስ ተጠቅልላ ተገኘች፤ ትፋቱ ደርቆባት እንደ ካርቶን ቆማለች። ጓንት አላጠበቻትም። ጣለቻት፤ ከዚያም ሽንት ቤት ገብታ ለረጅም ጊዜ አልወጣችም። ስትመለስ አፏን እየጠረገች ነበር።

ነገሩ በዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። ረቡዕ ዕለት ግን ጸጉር ሠሪዋ ልጇን አዝላ ወደ ምድር ቤታችን ወረደች። ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ልጁ ያስለዋል።

"የጻፍሽውን አሳዩኝ" አለች ለጓንት፣ ቆማ። "ፊቱን እጠቡለት ያልሽውን። አጥቤዋለሁ፤ ይኸው እንድታውቂው ብዬ ነው። ስቄም ነበር። ሰዎች አይተውኝ ይሆናል፣ ስቄ ነበር። ቀጣሪዬ ናት። ሁሉም ሲስቅ እኔ ምን ልሁን?"

ጓንት ሁለቱንም ጓንቶቿን አወለቀች። ልጁን ከጀርባዋ ተቀብላ አወረደችው፤ ደረቱ ላይ ጆሮዋን አደረገች። ሆስፒታል የተማረችው ነው። "ዛሬውኑ ሐኪም ይየው" አለቻት። ነርሷ ጋ ደወለች፤ ከሥራ አስፈቅዳም አብራ ሄደች። ደግነቱ ጉንፋኑ ሳንባው ጋ አልደረሰም፤ መድኃኒት ተሰጠው።

ስትመለስ ፊቷ ሌላ ነበር። "ታውቂያለሽ" አለችኝ፣ "የኔን ልጅ ደብቄ በቦታዋ የሰው ልጅ እንዲገባ አደረግኩ። ሁሉንም ስጸየፍ ከርሜ አሁን ራሴን ተጸየፍኩ።"

"አንቺ ምን አጠፋሽ?"

"ሐሙስ ዕለት አውቄያለሁ። ሰማንያውን ወንበር ግን አልብሼ ሰጠኋቸው።"

የተኮስኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ከሥራ ወጥተን በቀጥታ ፕሮግራም ሳሎን ሄድን፤ አልከለከልኳትም። ሁለት ደንበኞች ጸጉር ማድረቂያው ሥር ተቀምጠዋል። የጸጉር ቀለምና የተቃጠለ ጸጉር ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ፕሮግራም ስታየን ማበጠሪያውን አላስቀመጠችም።

"ይቅርታ ልትጠይቂኝ ከሆነ ሰው ሲወጣ" አለች።

"እትዬ፣ ይቅርታ የምትጠይቂው አንቺ ነሽ። እኔን አይደለም። ሠራተኛሽን ነው። ልጇ ታሞ ሐኪም ቤት ወስደነው መጣን።"

"ለሠራተኛዬ? እኔ? ደግሞ ልጆች አይታመሙም እንዴ?" ከዚያ ድምፅዋ ድንገት ወረደ። "ሰማንያ ሰው ጠርቼ ባዶ ወንበር ላሳይ ነበር? ምን አድርጊ ነው የምትይኝ?"

"ልጅቷ የለችም፣ ብሉና ሂዱ ማለት ነበር። ማንም አልፈለጋትም እኮ። አንድ ሰዓት ሙሉ ማንም አልጠየቃትም።"

ፕሮግራም መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች። ያኔ ነው ከኋላዋ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ያየነው። ለአዳራሹ ያሳተመችው የጠብታ ፎቶ ነው፤ የበር ያህል ይሆናል፤ ልጅቷ እየሳቀች። ማድረቂያው ሥር ያለችው ደንበኛ የምንነጋገረው በደንብ ስላልተሰማት ፎቶውን እያየች፣ "ልጅሽ ናት? ስታምር!" አለች ጮክ ብላ።

"አዎ" አለች ፕሮግራም። ፈጥና ነው ያለችው፤ ደጋግማ እንዳለችው ያስታውቃል። ከዚያ እኛ መኖራችን ትዝ አላትና ወደ መስታወቱ ዞረች።

ጓንት ትንሽ ቆማ አየቻት። የምትጮህ መስሎኝ ነበር። "እንሂድ" አለችኝ ብቻ። ደረጃው ላይ እጇን ቀሚሷ ላይ ትጠርጋለች፣ ትጠርጋለች።

ፕሮግራም ይቅርታ አልጠየቀችም። ጸጉር ሠሪዋ ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ሳሎን ገባች፤ ልጁ ድኗል። ባልየው ለብዙ ሳምንት ሳሎን ውስጥ ፍራሹ ላይ ተኛ፤ አሁን ወደ አልጋው ተመልሷል፤ "እሺ" ከማለቱ በፊት ግን "የትኛውን?" ብሎ መጠየቅ ጀምሯል ትለኛለች። የሰማንያ ሰው ስጦታ ሳይፈታ ሽማግሌው ወስደው ለሕፃናት ማሳደጊያ ሰጡት።

ፕሮግራም ከአምስት ወር በኋላ አንድ እሑድ ከሰዓት ብቻዋን መጣች። ሳትባል ጫማዋን አወለቀች። ከዚያ ወዲህ በየአሥራ አምስት ቀኑ ትመጣለች፤ ግማሽ ሰዓት ተቀምጣ ትሄዳለች። ጠብታ ትወዳታለች፤ ስታያት እየሮጠች ጉልበቷ ላይ ትወጣለች። ሴትዮዋ ግንባሯን ብቻ ነው የምትስመው።

"ታዲያ ቂምሽ ወጣልሽ?" አልኳት ጓንትን በቀደም፣ ምሳ ላይ።

"አልወጣልኝም" አለች። "ስትመጣ ሻይ አቀርብላትና ወጥ ቤት እገባለሁ። የልጄ ሳቅ ይሰማኛል። ሳቋ ደስ ይለኛል፤ የሴትዮዋን አፍ ማየት ግን እስካሁን አልችልም።"

ዳቦዋን ጨርሳ እጇን ታጠበች፤ የሰኞው ከረጢት ገና ግማሹ አልተነካም ነበር።